ድንጋይ የተጫነበት ደብተር

የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ለሞላሌ ገበያ የሚያደርሱትን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሸምነው ሲጨርሱ በአፋቸው ውሃ ይነፉበትና፣ አጥፈው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ እስኪቃና። ቤታችን የገባ ጨርቅ ሁሉ በዚያ ድንጋይ ሥር አልፏል። የስምንተኛ ክፍል ደብተሬም አለፈ።

ዓይኔ አያይም። የምጽፈው በብሬል ነው፤ ወፍራም ወረቀት ወስፌ በመሰለ ብረት እወጋለሁ፣ ነጥቡ በጀርባው ያብጣል፣ ያን በጣቴ አነባለሁ። ያስተማረኝ በሁለት ሳምንት አንዴ ከዞን የሚመጣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩ ያነባል፣ እኔ እወጋለሁ። ዓመቱን ሙሉ የወጋሁት ወረቀት አንድ ጆንያ ሞልቶ ነበር።

የሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ጆንያውን ፈቱት። የልጃቸው ወረቀት ሁሉ የተጨማደደ መሰላቸውና አዘኑ። ውሃ ነፉበት፣ ድንጋዩን ጫኑበት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደስ ብሏቸው፣ “አቃናሁልሽ” አሉኝ። ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው። ያን ቀን አባቴን ጠላኋቸው፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ባለሙያው እንደመጣ ግምገማ ተጠራ። ዘመኑ የግምገማ ነበር፤ ላም ብትጠፋም ይገመገማል። መምህሩ፣ ባለሙያውና አባቴ ተቀመጡ፤ እኔን በሩ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ባለሙያው “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ብሎ ከፈተው። ስለ ድር ለሸማኔ ሲነግር ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ “ለቤተሰቡ ንገር ብዬህ አልነበረም?” አለው።

“በደብዳቤ አሳውቄያለሁ፤ ቅጂው ይኸው” አለ መምህሩ፣ አነበበውም። ወረቀቱን እርጥበትና ክብደት እንዳያገኘው ይላል። ያኔ ትዝ አለኝ። መስከረም ላይ ያን ደብዳቤ በእጄ የሰጠኝ እሱ ነው። ለማታይ ልጅ፣ ፊደል ላልቆጠሩ አባት! አባቴም ማኅተም ስላለበት ከመሬት ደብተራቸው ጋር በክብር አስቀምጠውታል።

“አንተስ አንድ ቀን ቤታቸውን ረግጠሃል?” አለ መምህሩ በተራው።

“የሥራ ድርሻዬ አይደለም።”

ቤታችን ከመምህሩ ክፍል መስኮት ይታያል ይባላል። እሱም ረግጦት አያውቅም። እርስ በርስ መነካካቱ ሲያሰጋቸው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና፣ አባቴ ግለ ሂስ ያድርጉ ተባለ። ተነሡ። “አጥፍቻለሁ ጌቶቼ፤ የሚያምርላት መስሎኝ ነው” አሉ። ጌቶቼ! ጥላቻዬ ከእሳቸው ላይ ተነሥቶ ወደ ሁለቱ የዞረው በዚያች ቃል ነው። እስከ ዛሬም አልማርኳቸውም።

“መምህሩ እንደገና ያንብብልኝ፤ በሦስት ሳምንት እጽፈዋለሁ” አልኩ።

መምህሩ ጊዜ የለኝም አለ። ባለሙያው ወረቀት አልቋል አለ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ልጅቱ ዘንድሮ ባትፈተን ይሻላል ተባባሉ። አባቴም “እናንተ ካላችሁ” አሉ። በስንት ጊዜያቸው ሦስቱ ተባበሩ፤ የተባበሩትም አንድ ዓመቴን ለመውሰድ ነው። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ሁለቱ ፈረሙ፣ አባቴ አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ባለሙያው አውራ ጣቴን ይዞ ወደ ቀለሙ ሊወስደው ሲል እጄን ነጠቅኩት።

“መጻፍ እችላለሁ” አልኩ።

ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ከማይለየኝ የመውጊያ ብረቴ ጋር ከግርጌው ላይ “አልተስማማሁም” ብዬ ወጋሁበትና መለስኩለት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ብሬል የሚያነብ እሱ ብቻ ነበር። ጣቱ ነጥቦቹ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

“ምን ብላ ነው?” አለ መምህሩ።

“ስሟን ነው” አለ ባለሙያው።