እስከ ነገሌ የሸፈንኩት ፊት

ሰኞ ንጋት፣ ክብረ መንግሥት

ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስን፤ እኔ፣ ልጄ አስቴር እና ቀኑ ሳይሞላ የተወለደው የልጅ ልጄ። አስቴር እኔን ልትጠይቅ መጥታ ነው ምጡ የያዛት። ባሏ ወታደር ነው፤ ነገሌ ሆኖ ልጁን ለማየት ይጠብቃል። ያዋለደቻት የጤና ጣቢያ ልጅ «ነገሌ እንደገባችሁ ሆስፒታል አሳዩት» ብላን ነበር። እኔ ግን በሆዴ፣ ክርስትና ሳይነሳ ማን ያየዋል አልኩ። ከተወለደ ጀምሮ ጨለም ያለ ጓዳ ውስጥ፣ ፊቱን ሸፍኜ ነው ያኖርኩት። ልጆቼንም እንዲሁ ነው ያሳደግኩት።

ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ከድጃ ትባላለች፤ ነገሌ ልብስ የምትሸጥ የጉራጌ ሴት ናት። ስንቅ አካፈለችን።

ረፋድ፣ ዋደራ

ጭጋግ፣ ቀይ ጭቃ፣ በቅርጫት ሙዝ። ሾፌሩ ለሻይ አቆመ። ልጁን ለእናቱ ሳቀብል ፊቱን የሸፈንኩበት ነጠላ ተንሸራተተ።

«እማማ፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል እኮ» አለች ከድጃ ጎንበስ ብላ።

«እንትፍ! እንትፍ! ዓይንሽን ከልጁ ላይ አንሺ!» ጮህኩባት። «የተወለደው ወርቅ አገር ነው። የወርቅ መልክ ቢይዝ ምን ይገርማል?»

«እንግዲህ ኬላ ላይ እንዳይወረስብን!» አለ ሾፌሩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከድጃ አልሳቀችም፤ ዕቃዋን ይዛ ኋላ ወንበር ሄደች። እኔም የረታሁ መስሎኝ ሙዜን ላጥኩ።

ጫካው አልቆ ግራርና ግመል መታየት ሲጀምር አስቴር «እማ፣ ጡት እኮ እንቢ አለ። እንቅልፍ ብቻ ነው» አለችኝ።

«ጨዋ ልጅ ነው፤ ተይው» አልኳት።

ከሰዓት፣ ነገሌ

ከመኪና እንደወረድን አስቴር እኔን ሳታማክር ባጃጅ ጠርታ «ሆስፒታል» አለች። ነርሷ ዳሚ የምትባል የጉጂ ልጅ ናት።

«አካም እማማ፣ ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታኝ ነጠላውን ልትገልጥ ስትል ያዝኩት።

«ይቺን ታህል ልጅ ልትወጊ ነው?»

«አልወጋም። እጅዎን ያምጡ እስቲ።» መዳፍ የምትሞላ መሣሪያ እጄ ላይ አሳረፈች፤ ብልጭ አለች። «አመመዎት? ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢጫ ይለካል፤ ሌላ ምንም አያደርግም።»

ነጠላውን ለቀቅኩ። መሣሪያዋ ደረቱ ላይ ብልጭ ስትል ልጁ አልነቃም እንኳ። የዳሚ ፊት ግን ተለወጠ።

«ከፍ ብሏል። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ደግሞ አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። አሁኑኑ በደም እናረጋግጥና ብርሃን ስር ይገባል። ቀደም ብሎ ቢጫነቱን ያየ የለም?»

አስቴር አየችኝ።

«አንዲት ሴት አይታ ነበር» አልኩ። «እኔ ተፋሁባት።»

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ልጁን ራቁቱን ሰማያዊ ብርሃን ስር አስተኙት፤ ከፊቱ የሸፈኑት ዓይኑን ብቻ ነው። እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ፣ የተረፈኝን ነጠላ ጭኔ ላይ አጥፌ ስዘረጋ አመሸሁ።

ዓርብ፣ ነገሌ ገበያ

ከሆስፒታል ለቀውታል፤ ይጠባል፣ ያለቅሳል። አባቱ ቤት ሳንገባ ልጁን ይዤ የከድጃን ሱቅ ጠያይቄ አገኘሁት። ስታየኝ ለወጉ ብድግ አለች።

«ይግቡ እማማ።»

ፊቱን ገለጥኩ። «እስቲ እዪው።»

«ይቅርብኝ። ኋላ አንድ ነገር ቢሆን ዓይኗ ነው ይሉኛል።»

ልጁን ዘረጋሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ፤ ደጃፉ ላይ ወደ ብርሃኑ ይዛው ወጣች። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

«ነጭ ነው» አለች ዓይኑን አይታ።

ፊቱን ልሸፍን እጄን ሰድጄ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩት።