አባቴን ያመለጡት ትዕይንቶች

አባቴ አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ፊልም ስለማይወድ አይደለም። ከሁላችንም ቀድሞ ወንበሩን የሚያስተካክለው፣ ዲሹ ሲበላሽ ሰው ጠርቶ የሚያሠራው እሱ ነው። ችግሩ ወንድና ሴት ተቀራርበው መቆም ሲጀምሩ ነው። ሙዚቃው ቀስ ሲል፣ ሰውየው የልጅቷን ፀጉር ከፊቷ ላይ ገለል ሲያደርግ፣ አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና ይነሳል። "ያ ቡና ተሸፍኗል?" ይላል ማንንም ሳያይ፤ መልስም ሳይጠብቅ ይወጣል።

ጓሯችን ውስጥ ቡና የምናሰጣበት የሽቦ አልጋ አለ። በለቀማ ወራት ሸራ መልበሱን ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አባቴ ግን አልጋው ባዶ በሆነባቸው ወራትም ቡናውን ሊያይ ይወጣ ነበር። እናቴ ይህን አንድም ቀን አላነሳችበትም። እኔም አላነሳሁበትም። ባዶው አልጋ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ሁላችንም የተስማማን ይመስል ነበር።

የማወራው ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ምደባ እየጠበቅኩ ቤት ስለተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የውጭ አገር ድራማዎች በየቤቱ የገቡበት ሰሞን ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሰፈራችን ያለፈ ሰው ከየመስኮቱ የሚሰማው ያንኑ አንድ ንግግር ስለነበር፣ ቤቱ እስኪደርስ አንድ ቃል እንኳ አያመልጠውም።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው የራሱ ቋንቋ ባለው በሸኮ ገጠር ነው። አማርኛን አሳምራ ያወቀችው አግብታ ከተማ ከገባች በኋላ ስለሆነ፣ የድራማው ንግግር ሲፈጥንባት ትተወውና ዕቃውን ማየት ትጀምራለች። ከሁላችንም የተለየ ነገር የምታየው ለዚህ ይመስለኛል። "ይህን ሁሉ ምግብ አቅርበው፣ ሁለት ቃል ይነጋገሩና ሳይበሉ ይነሳሉ። ማነው የሚበላው ታዲያ?" ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ ጫማቸውን ስትመለከት ትቆይና፣ ጭቃ በሌለበት አገር የሚኖር ሰው በምን ምክንያት እንደሚናደድ ትጠይቀናለች።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ማታ ማታ ሱቁን ለባሏ ትታ እኛ ጋ ትመጣለች። ቤቷ ቴሌቪዥን አለ፤ እዚያ ግን የሚከራከራት ሰው የለም። እሷ ድራማ የምታየው እንደ ሽማግሌ ነው። ማን እንደበደለ፣ ማን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ሳትወስን አትነሳም። ፍርዷን ከሰጠች በኋላ ወደኔ ትዞራለች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ጥሩ ነው" እላለሁ።

"ይህን ሁሉ ዓመት አስተምረው 'ጥሩ ነው'ን ብቻ አስይዘው ሰደዱሽ?"

አስተያየት ስለሌለኝ አልነበረም። የኔ አስተያየት የሚመጣው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ብርጭቆ ሳጥብ ነው። ደግሞም ከራሴ ይልቅ የነሱ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን እናቴ ጫማውን፣ ጎረቤታችን ጥፋተኛውን ታያለች። አባቴ ምን እንደሚያይ ግን ማወቅ አልቻልኩም፤ ዋናው ነገር ሲመጣ እሱ የለም።

ትዕይንቱ ሲያልፍ ይመለሳል። በሩ ላይ ጫማውን ይጠርጋል፣ ይቀመጣል፣ ወደኔ ጠጋ ይልና "የት ደረሱ?" ይላል። እናቴን አይጠይቅም፤ እሷ የምትነግረው ስለ ሳህኖቹ ነው። ጎረቤታችንንም አይጠይቅም፤ እሷ ምንም ሳትሸፍን ትነግረዋለች። የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እኔም እየመረጥኩ እነግረዋለሁ። መሳሳም ያለበት ቦታ ላይ "ሰላም ተባባሉ" እል ነበር። አንድ ማታ ነገሩን ሲያስብ ቆየና፣ እነዚህ ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ ነው ሰላም የሚባባሉት ብሎ ጠየቀኝ። ጎረቤታችን ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በዚያ ሰሞን የምንከታተለው ድራማ፣ ዓሣ አጥማጅ አባቷን ትታ ለሥራ ወደ ትልቅ ከተማ ስለሄደች ልጅ ነበር። ልጅቷ ከተማው ውስጥ አንድ ሰው ታፈቅራለች፤ ይተጫጫሉ፤ ለአባቷ ግን አትነግረውም። ስልክ በደወለ ቁጥር ስለ ሥራዋና ስለ ብርዱ ብቻ ታወራዋለች። ያ እጮኛዋ በኔ አተራረክ የመሥሪያ ቤት አለቃዋ ሆነ። አንድ ጊዜ አለቃዋ ካልኩት በኋላ ማጠፊያው አጠረኝ። አበባ ይዞላት ሲመጣም፣ ታሞ ስታስታምመውም አለቃዋ ነው። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ "ሠራተኛ አክባሪ ሰው ነው" ይላል። እሱ ከመንግሥት ቡና እርሻ፣ ከመጋዘን ሥራ ነው ጡረታ የወጣው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ አለቃ አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ።

ድራማው መሃል ላይ እያለ ምደባዬ መጣ። ቱም ነበር የደረሰኝ። ከሚዛን ወደ ደቡብ ሲኬድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሊያድር ይችላል። የተማርኩት የእንስሳት ጤና ነው፤ ከቱም ሥር ያለው ቆላ ደግሞ የከብት አገር ነው። የቦታውን ስም ስሰማ ደስ አለኝ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ምደባውን ለእናቴ ነገርኳት፣ እሷ ለአባቴ ነገረችው። ቤታችን ውስጥ ነገር የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። መልሱም በዚያው መንገድ ተመለሰ፤ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች "እናያለን ብሏል" አለችኝ።

ወሩ ሳያልቅ ሄጄ ሪፖርት ካላደረግኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ የአባቴን ፈቃድ እጠብቃለሁ፤ እሱ ዝም ብሏል። ጎረቤታችን እኔ እየሰማሁ ለእናቴ ምክር ሰጠች። እዚሁ ሚዛን ቦታ እስኪገኝ ብትቆይ ይሻላል አለች። "እትዬ ሙች፣ ይህቺ ልጅ ቱም ሄዳ ከማን ጋር ልታወራ ነው? እዚህ እንኳ አፏን የሚያስከፍታት ጠፍቷል።"

ከዚያ ማታ ጀምሮ የአባቴ ጥያቄ ተለወጠ። የት ደረሱ ማለቱን ቀነሰና ስለ ልጅቷ መጠየቅ ጀመረ። ብቻዋን ነው የምትኖረው? ከተማው አይከብዳትም? ስትታመም ማን ያያታል? ስለኔ እየጠየቀ መሆኑ ይገባኝ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን መልስ ከበፊቱ የበለጠ እመዝነው ጀመር፤ ደህና ናት ካልኩ ልሂድ ብዬ የምለምን ይመስለኛል፣ ከብዷታል ካልኩ ደግሞ መንገዴን በገዛ እጄ የምዘጋ።

"ለመሆኑ ፈልጋ ነው የሄደችው?" አለኝ አንድ ቀን።

"እንጃ" አልኩ። "አልተናገረችም።"

"እህ" አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ እንደተለመደው ሙዚቃው ቀስ ሲል አባቴ ተነስቶ ወጣ። ገመድ ላይ የረሳሁት ልብስ ትዝ አለኝና እኔም በጓሮ በር ወጣሁ። አባቴ ቡናው አልጋ አጠገብ አልነበረም። የሳሎኑ መስኮት ሥር ቆሟል፤ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ ጆሮውን ወደ እንጨቱ መዝጊያ ዘንበል አድርጎ። ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ለእጮኛዋ እንደምትወደው፣ ለአባቷ መንገር ግን እንደምትፈራ እየነገረችው ነበር። ልብሱን ትቼ በእግሬ ጣቶች ጫፍ ተመለስኩ።

አባቴ ገባ፣ ጫማውን ጠረገ፣ ተቀመጠ። "የት ደረሱ?"

"አለቃዋ ስለ ሥራ እያማከራት ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ሁሉንም ሲሰማ ኖሯል ማለት ነው። የሚወጣው ላለማየት እንጂ ላለመስማት እንዳልሆነ ያን ማታ ገባኝ። የአለቃውን ማንነት ከኔ እኩል ያውቃል፤ ሰላም መባባላቸውንም እንደዚያው። ታዲያ ከኔ አፍ ምን ሊሰማ ነው የሚጠይቀኝ? ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ ባይሆንም ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውል ጀመር። ድራማውን ትቼ እሱን መከታተል ያዝኩ። ስነግረው ቴሌቪዥኑን እንደማያይ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የሚያየው እኔን ነበር፤ በተለይ ከመናገሬ በፊት ቃል እየመረጥኩ ዝም የምልባትን ትንሽ ጊዜ።

ልጅቷ ወደ አባቷ የምትመለስበት ክፍል አርብ ማታ ሊታይ ነበር፤ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለሚደገም ሁላችንም ቅዳሜን ጠበቅን። ቅዳሜ መብራቱ ነበረ፤ ድራማው ሊጀምር ሲል ግን ዝናቡ መጣ። የሚዛንን ዝናብ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ ያልሰማ ሰው ይህን አይረዳኝም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት፤ ከንፈር ብቻ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ያም ሆኖ ማንም አልተነሳም።

ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። አባቷ ባሕሩ ዳር መረብ እየጠገነ ነበር። ሻንጣዋን ጣለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ፤ መተቃቀፍ ነውና ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ዓሣ አጥማጁ ልጁን ከደረቱ ላይ ለቀቃትና መናገር ጀመረ፤ ረጅም ነገር፣ ጣቱን እያነሳ።

እናቴ በዝናቡ ላይ ጮክ ብላ ምን እያላት እንደሆነ ጠየቀች። ጎረቤታችን፣ እየተቆጣት ነው፣ ጣቱን አታዪም ወይ አለቻት።

"አልተቆጣትም" አለ አባቴ።

ድምፁን የሚያነሳ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ለዝናቡ ሲል አነሳው። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አልነቀለም።

"'መሄድሽን አልከለክልሽም ነበር' ነው ያላት። 'እፈልጋለሁ ብለሽ በራስሽ አፍ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት' ነው ያላት።"

እናቴ ዞር ብላ አየችው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ቃል ልመርጥ ዝም አልኩ፤ አባቴ ወደኔ ዞሮ ያችን ዝምታዬን ሲያያት አየሁት።

"አባዬ፣ ቱም መሄድ እፈልጋለሁ" አልኩ።

በወትሮው ድምፄ ነበር፤ ዝናቡ ወሰደው። አባቴ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። ደገምኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ አልተሰማኝም ለማለት። እንዲያው ሰምቶኝ ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ተነስቼ ቆምኩና፣ ሰፈር ሙሉ የሚሰማኝ መስሎኝ እየፈራሁ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

"ቱም መሄድ እፈልጋለሁ!"

"እንኳን እኛ ቱምም ሰምቷል" አለች ጎረቤታችን።

"ሰማሁ" አለ አባቴ። እናቴ ብድግ ብላ ከመስኮቱ ሥር የሚገባውን ውሃ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።

እሑድ ፀሐይ ወጣች፤ ያ ክፍል ደግሞ እንደገና ታየ። አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ከአውቶቡስ ስትወርድ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያ ቡና ተሸፍኗል?" ብሎ ወጣ።

አልጋው ላይ አንድ ፍሬ ቡና አልነበረም፤ ሰማዩም ጠራርቶ ነበር። የሚያሳፍርም ነገር አልነበረም፤ አባትና ልጅ ናቸው። መስኮቱ ሥር መቆሙን ሳላይ አወቅኩ። ሪሞቱ እጄ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጁ ምን እንዳላት ለማወቅ ከትናንት ጀምሮ ጓጉቻለሁ፤ እንዲያውም ከከንፈሩ ለመገመት ሞክሬ አልሆነልኝም ነበር። ልጁን ከደረቱ ላይ ሲለቃት ድምፁን ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፣ አጠፋሁት።

"ምነው?" አለች እናቴ።

"ትናንት ሰምተነዋል እኮ።"

እናቴ ትንሽ አሰበችና የዓሣ አጥማጁን ጫማ ወደ ማየቷ ተመለሰች። በመጨረሻ ጭቃ ያለበት ጫማ አግኝታለች።

ድምፁን መልሼ ሳነሳ አባቴ ገባ። በሩ ላይ ጫማውን ጠረገ፣ ተቀመጠ፣ ወደኔ ጠጋ አለ።

"የት ደረሱ?"

"ቤቷ ገባች። አባቷ ሻንጣዋን ተቀበላት። እጮኛዋንም ልታስተዋውቀው ነው፤ ነገ ይመጣል።"

"የቱ እጮኛዋ?"

"ያ አለቃዋ ያልኩህ።"

"ኧረ?" አለ፤ መገረም የሚችለውን ያህል እየተገረመ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

"የቱም መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"

ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንደሚነሳ ነገርኩት። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን እሱ እንደሚይዝልኝ፣ ያ ቡና ግን በሱ ፈንታ አንድ ሰው እንዲያየው ለእናቴ ነገራት።