የሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል

ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች መጽሐፋችንን በእጃቸው ይዘው ነበር። ከዘመድ ውጪ መጽሐፉን የያዘ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ አልዋሽም፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ አንደኛው "መምህር፣ ጫማህን አድርግ" አለኝ።

መስቀል ሊገባ ሳምንት አልቀረውም። ያን ሰሞን ሶዶ ላይ ሰው በትንሽ በትልቁ ይታሰር ነበር፤ የተናገረም፣ ያጨበጨበም፣ አላጨበጭብም ያለም። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ሳይሆን አይቀርም። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ነበር፤ ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ጭጋጉ ሲገለጥ በላይኛዋ መስኮት የዳሞታ ተራራ ጫፍ ይታያል። መጽሐፉን አብሮኝ የጻፈውን ጓደኛዬን ከግድግዳው ወዲያ አስገቡት። ሲያስል ሳሉን ለየሁት።

አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እኔ አማርኛ፣ እሱ ባዮሎጂ። መጽሐፉን የጻፍነው ሁለታችን ነን። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ለመስቀል ቅርጫ የገዙት በሬ ይጠፋባቸዋል፤ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ያ ነው ታሪኩ። ሰው እንዲስቅ ከመፈለግ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረንም። ስንጽፍ አንድ ሕግ ነበረን። አንዳችን የጻፍነውን ለሌላው እናነባለን፤ ጸሐፊው በራሱ ቀልድ መሳቅ አይፈቀድለትም፤ አድማጩ ካልሳቀ ደግሞ ገጹ ይቀደዳል። ይህንኑ ኩራት ኩራት ብሎን መግቢያው ላይ አሰፈርነው፤ "የሳቀው ያልጻፈው ነው" ብለን። ወይ አለማወቅ! በገዛ እጃችን ገመድ አቀበልናቸው።

በመስቀል ዋዜማ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ከኋላዬ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

"ምዕራፍ ሰባትን ማን ነው የጻፈው?"

"ሁለታችንም።"

"ሁለት ሰው አንድ እስክሪብቶ አይዝም፣ መምህር።"

በምዕራፍ ሰባት አንድ ባለሥልጣን ገበያ መሀል ንግግር ሊያደርግ ይቆማል። የጠፋው በሬ ሕዝቡን ሰንጥቆ ይመጣና የንግግሩን ወረቀት ይበላበታል። ሰውዬው ያለ ወረቀት "እንደምን አደራችሁ" ማለት እንኳ አይችልም። ጨንቆት፣ ንግግሩ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ፖሊሶች ከበሬው ኋላ ቆመው እንዲጠብቁ ያዛል። ይህን የጻፈው ጓደኛዬ ነው። "ኧረ ተው፣ ይሄ ጣጣ አለው" ብዬው ነበር። ግን ሲያነብልኝ በሳቅ ከወንበሬ ወድቄያለሁ፤ በሕጋችን መሠረት ምዕራፉ ሳይቀደድ ቀረ።

መርማሪው መነጽሩን ጠራረገ። "አለቆቼ የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው። ትናንት ለጓደኛህ አነበብኩለት፤ ፊቱ እንኳ አልተፈታም። አሁን ላንተ አነባለሁ። ከሳቅህ የጻፍከው አንተ አይደለህም። ሚስትህ በር ላይ ቆማለች፤ አብረሃት ትሄዳለህ።"

"እሱስ?"

"እሱ ሌላ ቦታ ይሄዳል።"

ሌላ ቦታ የሄደ ሰው አውቃለሁ። እኔ ክፍል ውስጥ አብሮኝ የታሰረ የሁምቦ ገበሬ እንዲሁ ተጠርቶ ወጣና ጋቢው ብቻ ቀረ። እሱን ለብሼ ነበር የማድረው።

ማንበብ ጀመረ። እንደ ሪፖርት ነው የሚያነበው፤ ድርቅ አድርጎ፣ ነጥብ ሳይስት። ያ ደግሞ የባሰ ሆነ። "ሁለቱ ፖሊሶች ከበሬው ኋላ በተጠንቀቅ ቆሙ" የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ከኋላዬ ያሉት ሁለቱ ትዝ አሉኝ። እነሱም ከጠዋት ጀምሮ ቃል እስኪወጣኝ እየጠበቁ ነው። ሳቄ ከሆዴ ተነሣ። የጉንጬን ውስጥ ነከስኩ። ቤቴ መግባት እንዴት አማረኝ! ሚስቴ ይኼኔ የመስቀሉን ዳጣ ከነቃሪያው ፈጭታ ጨርሳለች፤ እጇ እየለበለባት በር ላይ ቆማለች። ብስቅ እኮ ውሸት አይደለም፤ እውነት ነው። ስለ ገበሬው ጋቢ አሰብኩ። ደሜ አፌ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ የታፈነ ድምፅ አመለጠ። መርማሪው ቀና አለ።

"ምን ሆንክ?"

"አስነጠሰኝ ጌታዬ" አለ አንደኛው ፖሊስ።

ምዕራፍ ሰባትን ፖሊሱ አለመጻፉ ተረጋገጠ።

"እሺ መምህር?"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጓደኛህም የጻፍኩት እኔ ነኝ ነው ያለው።" መጽሐፉን ዘጋው። ልመና በሚመስል ድምፅ፣ "ምነው ብትስቅ? ነገ እኮ መስቀል ነው" አለኝ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ግድግዳው ተንኳኳ። ጓደኛዬ ነው፤ በወላይትኛ ነበር የሚያወራኝ።

"አነበበልህ?"

"አዎ።"

"ሳቅህ?"

"አልሳቅኩም።"

ቅር እንዳለው ሰው፣ "ምነው፣ ያን ያህል ይደብራል እንዴ?" አለኝ። የገበሬውን ጋቢ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ቀና ስል ጋቢው ላይ የጉንጬ ደም ነበር።

መስቀል አለፈ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ለምን እንደያዙን ሳይነግሩን እንደያዙን ሁሉ፣ ለምን እንደለቀቁን ሳይነግሩን ለቀቁን። የገበሬው ነገር እስከ ዛሬ አይታወቅም። ጋቢውን አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ የሚጠይቅ ዘመድ ከመጣ ብዬ።

ጓደኛዬ አሁን አረካ ልጁ ቤት ነው ያለው። ደም ግፊት ጥሎት ተነሣ፤ ግን ትዝታው ይመጣል፣ ይሄዳል። ከእስሩ ነው ወይ ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ። ዘንድሮ በመስቀል ሚኒባስ ይዤ ሄድኩና፣ ሌላ የማወራው ሲጠፋኝ፣ ምዕራፍ ሰባትን አነበብኩለት። በሬው ወረቀቱን ሲበላ ፈገግ አለ። ፖሊሶቹ ከኋላ ሲቆሙ በሳቅ ፈረሰ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። በዚያ ሁሉ ዓመት በራሱ ገጽ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እንባውን በመዳፉ ጠረገና፣ "አንተ፣ ይሄን ማን ነው የጻፈው?" አለኝ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም አልቆመም።

"አንተ ነህ" አልኩት።