መኪና ሥር የነበረው ክፍላችን

ባለፈው ሰኞ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሦስት ልጆቻቸውን ከፊት ከፊት እየነዱ፣ በአንድ እጃቸው መጽሐፍ የታጨቀበት ፌስታል አንጠልጥለው ወልድያ ወዳለው ግቢያችን ገቡና፣ ትምህርት ቤቱ ዘንድሮም እንደማይከፈት ቁርጡን እንደሰሙ፣ ልጆቹ ከዚህ በላይ ሥራ ፈትተው ቤት ቢውሉ እርስ በርስ ተበላልተው እንደሚያልቁ ነገሩኝ። «ትርንጎዬ፣ አንቺ እስከ አሥራ ሁለት ዘልቀሻል፤ እስቲ ፈትኚያቸውና ማን የስንተኛ ክፍሉን መማር እንዳለበት ለዪልኝ» አሉኝ። እሺ ብዬ ከፌስታሉ አንዱን መጽሐፍ አወጣሁ። ባለቤታቸው ባጃጅ ጠጋኝ ነው፤ ገልጬ ሳየው የገጹ ጥግ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል፤ የግራሶና የተቃጠለ ዘይት ሽታውም ፊቴን መታኝ። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ መጽሐፉን ግቢው መሀል ወረወርኩት። ዶሮዎቹ ተንጫጭተው ተበተኑ፣ ትንሿ ልጅ አለቀሰች፣ እትዬ ብርቄም አማተቡ።

እኔ መጽሐፍ የምወረውር ሰው አይደለሁም። ግራሶ የነካው ገጽ ግን ወዲያው መርሳ ይወስደኛል፤ አባቴ ጋራዥ፣ እዚያ የነበረው ጉድጓድና ላይኛው ደረጃ ላይ ይቀመጥ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ጋ።

ጋራዡ ከመርሳ ወጣ ብሎ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነበር። በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የቆመ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ቀን ሙሉ የማያባራ የመዶሻ ድምፅ፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት፣ የግራና ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀን ደግሞ ሽንኩርት ጭነው ተሰልፈው የሚቆሙ አይሱዙዎችና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አባባን የሚያጣድፉት ሾፌሮች ነበሩ። እኔና ሲሳይ ያደግነው እዚያ ጫጫታ ውስጥ ነው። ሲሳይ ሞተር ሲነሳ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና በሽታዋን ይናገራል፤ አባባ «ዝም በል፣ አንተ ደግሞ» እያለ ይከፍታታል፤ ሲከፍታት ልጁ ያለው ሆኖ ያገኘዋል። ከሞተር ጋር እንዲህ የተግባባው ልጅ ከፊደል ጋር ግን ከቶ አልተስማማም። ሰባተኛ ክፍልን ሁለቴ ደገመ። በሁለት ዓመት የማንሰው እኔ ከኋላው ደርሼበት ስምንተኛን አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። የዚህን ውርደት የተወጣው በእኔ ላይ ነው። በኩርኩም፣ በጡጫ፣ አንዴም በጎማ ቁራጭ መታኝ። እኔም ቢሆን ጸጥ ብሎ ዱላ የሚቀበል ፍጥረት አልነበርኩም፤ አንድ ቀን ትከሻውን ነክሼ ደም አፈሰስኩት፤ ጠባሳው አልጠፋም ነበር፤ ለእንግዳ ሁሉ ሸሚዙን ገልጦ «ይቺ ጅብ ናት የነከሰችኝ» እያለ ያሳይብኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። እማዬ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ወልድያ እንደሄደች መንገዱ ተዘጋ፤ አባባና ሦስት ልጆች ብቻችንን ቀረን። ሦስተኛው ቢኒ ነው፤ ሰባት ዓመቱ ነበር። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ትምህርት ቤታችን በሩ ተገንጥሎ ዴስኮቹ እየተፈለጡ ማገዶ ሆነዋል። መጀመሪያ ሰሞን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ስንሰማ አልጋ ሥር እንገባ ነበር። አንድ ቀን ግን የጎረቤታችን ቤት ግድግዳ ላሟ ላይ ሲናድ አባባ ሦስታችንንም እየጎተተ ወደ ጋራዡ ወሰደንና፣ ሰው ከመኪና ሥር ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ከተተን። ከላዩ ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ጣሪያችን እሱ ሆነ።

ፍርሃቱ ሲለመድ ሥራ መፍታቱ መጣ። ሲሳይ ቢኒን ይመታል፣ እኔ ሲሳይን እቧጭራለሁ፣ አባባ ሁላችንንም ይገርፋል። አባባ ከጦርነቱ በፊት ኃይለኛ ነበር እንጂ ጨካኝ አልነበረም። ያን ሰሞን ግን የሚበረግድበትን በር፣ የሚዘርፈውን ሰው፣ የዘጋበትን መንገድ መምታት ስላልቻለ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በአሮጌ የሞተር ቺንጊያ እኛን ይመታ ጀመር። ሲመታን ይውልና ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ከዚያ በአንዱ ጠዋት ሦስት መጽሐፍ ይዞ መጣ። ከፈረሰው ትምህርት ቤት ግቢ ጭቃ ውስጥ ለቅሞ ነው፤ አንድ የአንደኛ ክፍል፣ አንድ የአምስተኛ ክፍል፣ አንድ የስምንተኛ ክፍል አማርኛ። ሌላው ሁሉ ተቃጥሏል። «ከዛሬ ጀምሮ ትማራላችሁ» አለን። እሱ ራሱ የተማረው እስከ ስድስት ነው።

ጉድጓዱ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ ነበረው። ታችኛው ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም አያየውም፤ ደህና ነው፣ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ላይኛው ላይ የተቀመጠ ከትከሻው በላይ ከመሬት ይወጣል፤ በመኪናው ፊትና በመሬቱ መሀል የሚገባው ብርሃን የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው። የስምንተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ላይኛው ደረጃ ያስፈልገዋል። የአምስተኛው መካከል፣ የአንደኛው ደግሞ ባለ ትልልቅ ፊደል ስለሆነ አባባ ባትሪ እያበራለት ቢኒ ታች። የእኛ ክፍል ድልድል በዚህ አለቀ። እኔና ሲሳይ ስምንተኛ ብንሆንም መጽሐፉም ብርሃኑም ለአንድ ሰው ነው፤ አባባም ሳያወላውል «የቤቱ በኩር ላይ» ብሎ ሲሳይን ላይ፣ እኔን አምስተኛ ክፍል ላይ አስቀመጠን። ሦስት ዓመት ቁልቁል መውረዴ እንዴት እንዳንገበገበኝ አልደብቅም። ተኩሱን ረስቼ በዚያ ነበር የምብሰለሰለው።

ሲሳይ ጮክ ብሎ ሲያነብ ረዥም ቃል በመጣ ቁጥር ከራሱ እየፈጠረ ያልፋል። አባባ አይነቃበትም፤ እኔ ግን እነቃበታለሁ። ሦስት ቀን ታገስኩ። በአራተኛው ከሥሩ ሆኜ አረምኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ዞር ብሎ በክርኑ አፌን አለኝ። የታችኛው ከንፈሬ ተተርትሮ ደሜ የአምስተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ላይ ተንጠባጠበ። አባባ ቺንጊያውን ይዞ ወጣ፤ ጀርባው እስኪተለተል ገረፈው፤ ሲሳይ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ቢኒ ግን በሱ ፈንታ ይጮህ ነበር። ሲጨርስ አባባ እያለከለከ «መኪና እንኳ ሳይፈተሽ አይፈታም፤ እኔ ነኝ ጅሉ፣ ሳልፈትሽ የመደብኳችሁ» አለ። «ማክሰኞ ሁለታችሁም ከዚሁ መጽሐፍ ታነባላችሁ። ያወቀ ላይ ይቀመጣል። ያላወቀ ከቢኒ ጋር ሀ ሁ ይቆጥራል።»

እስከ ማክሰኞ ድረስ ደስታዬን መሸሸግ አቃተኝ። ሲሳይ ውኃ ልንቀዳ ስንወጣ ጆሮዬን ጠምዝዞ «ከበለጥሽኝ ጥርስሽን ነው የማረግፈው» አለኝ። እኔም «ጥርሴን ብታረግፈውም ሀ ሁ ትቆጥራለህ» አልኩት።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መጀመሪያ ሲሳይ አነበበ። ስለ ንብ የሚናገር ምንባብ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ «እንደማይነጣጠሉ» የሚል ቃል አለ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። አባባ ጣቱን ቃሉ ላይ ተክሎ ጠበቀው። «እንደ... እንደማ...» አለ፤ ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። አባባ መጽሐፉን ነጥቆ ለእኔ ሰጠኝ። ያኔ ለምን እንደሆነ እንጃ የሲሳይን እጅ አየሁ። ጡጫ ይጨብጣል ብዬ ነበር፤ የጨበጠው ግን የሲሚንቶውን ጠርዝ ነው፤ እንዳይወርድ የያዘው ይመስላል። ያ በእሳት የጋለ ብሎን ባዶ እጁን የሚይዝ ልጅ፣ ከሰባት ዓመት ሕፃን ጎን መቀመጥን ፈርቶ ነበር። አንብቤ ማለፍ ስችል እዚያው ቃል ላይ ቆምኩ። «እንደማ... እንደማይ...» አልኩ። አባባ በጥፊ አጮለኝ። ሌላ ጥፊ ጨመረ። እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም። «ሁለት ድንጋይ ነው ለካ የወለድኩት!» ብሎ መጽሐፉን ለሲሳይ ወረወረለት። «በል፣ በኩር ነህ፣ እዚያው ተቀመጥ!» እኔም ወደ መካከለኛው ደረጃዬ ወረድኩ።

ሲሳይ አልተታለለም። ያን ዕለት ከሰዓት የቢኒን ድርሻ ቆሎ ጭምር አምጥቶ ጭኔ ላይ አፈሰሰና፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ «አሳዪኝ እስቲ፣ እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ። በሕይወቱ አንድ ነገር ሲለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ረዥሙን ቃል እንደ ሞተር እየፈታታሁ አስተማርኩት፤ ይሄ ነቅሎ ይወጣል፣ ይሄ ደግሞ እዚህ ይገጠማል አልኩት። ገባው። ረቡዕን ቀኑን ሙሉ ስንንሾካሾክ ዋልን፤ አንድም ጊዜ አልመታኝም፤ ነገሩ ግራ የገባው ቢኒ «ታማችኋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ከልጅነቴ ሁሉ ሲሳይን ወንድሜ ብዬ የኖርኩት ያን አንድ ቀን ተኩል ብቻ ይመስለኛል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲሳይ «አባባ፣ ስማኝ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያውን መስመር አለፈ። «እንደማይነጣጠሉ» የሚለውን ሳይሰናከል አለፈና ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ።

አስፋልቱ ላይ የወደቀውን ከባድ መሣሪያ አልሰማሁትም። ደረቴ ውስጥ ነው የፈነዳው። መኪናው በአንድ ጎኑ ተንጋደደ፣ ጎማው ፈነዳ፣ ከተበሳው የነዳጅ ቋት ናፍጣ ራሳችን ላይ ይዘንብ ጀመር፤ አቧራው ዓይኔን ጋርዶት ሳለ አንድ ከባድ ነገር ከላይ ተንከባልሎ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሲሳይ ነው። አንገቱ በጎን በኩል ተከፍቷል፤ ደሙ በምት በምት እየዘለለ ፊቴን ይመታኛል፤ የሞቀ ነው፣ የናፍጣው ቅዝቃዜ አጠገብ ሙቀቱ ያስጮሃል። አባባ ከታች ተስፈንጥሮ በግራሶ ጨርቅ አንገቱን ተጫነው፤ ሁለት እጁን ደረበ፣ ከዚያ ጉልበቱን ጨመረ፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሀል ይወጣል። ሲሳይ አንድ ነገር ሊለኝ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዶ የጥርሴ ጠባሳ ይታየኝ ነበር። እሱን እያየሁ ነው ያለቀው።

በማግስቱ ያለ ለቅሶ ቀበርነው፤ ጮክ ብሎ ማልቀስ እንኳ የሚያስተኩስበት ጊዜ ነበር። አባባ ከቀብር እንደተመለሰ ትልቁን መዶሻ አንሥቶ ያን አይሱዙ ይቀጠቅጠው ጀመር። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ በሩን፤ እጁ እስኪላጥ ድረስ፤ ማንም ሊይዘው አልደፈረም። ከዚያ ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር ሞላው። መጽሐፉም እዚያው ውስጥ ቀረ። መንገዱ ተከፍቶ እማዬ ስትመለስ ደረቷን እየደቃች የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ «ልጄን ለምን ላይ አስቀመጥከው?» አባባ «በኩር ስለሆነ» አላት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያ ቦታ የእኔ እንደነበር፣ አውቄ አላወቅሁም እንዳልኩ ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉ የለ፤ እኔ ላዝንለት ብዬ ከሞት ፊት ተውኩት። ደግሞ ባነብ ኖሮ እኔ አልኖርም ነበር፤ አንዳንድ ሌሊት በዚህ ደስ ይለኛል፣ በመደሰቴም ራሴን መግደል ያምረኛል።

እትዬ ብርቄ ያማተቡበትን እጃቸውን ሳያወርዱ ቆመው ነበር። ትልቁ ልጃቸው ሄዶ መጽሐፉን አነሣና አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። «ይቅርታ፣ እጄን አዳልጦኝ ነው» አልኩት፤ አላመነኝም።

«ታዲያ ትርንጎዬ፣ ማን የስንተኛውን ይማር?» አሉኝ እናቱ።

«ሁሉም ከአንድ መጽሐፍ ነው የሚማሩት እትዬ፣ ፈተና የለም» አልኩና ሦስቱንም ቤት አስገብቼ፣ ከበሩ አርቄ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። እትዬ ብርቄ ይሄ ምን ትምህርት ነው የሚል ፊት አሳዩኝ። ጨለማ ስለነበር ሻማ አበራሁ።

አባባ አሁንም መኪና ይጠግናል፤ ሞተር ሲነሳ ግን አንድ የሚጠብቀው ድምፅ ያለ ይመስል ዞር ብሎ ያያል። ቢኒ አድጎ የሲሳይን ጫማ ይጫማል። ሲሳይ እዚያው አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ ነው። እኔ በጥቅምት ሃያ ዓመት ሞላኝ። ያን ማክሰኞ ታላቄን ላለመብለጥ ስል ሁለት ጥፊ ጠጥቼ ነበር፤ ይኸው ዛሬ በሦስት ዓመት በለጥኩት፤ ከርሞ ደግሞ በአራት እበልጠዋለሁ።