ሰባት ዓመት የሚፈጀው አቮካዶ

አጎቴ፣ ካምፓላ ኪሱጉ ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ፣ ከፓፓያ ሌላ አይተክሉም ነበር። ችግኝ ሻጩን ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «በስንት ጊዜ ያፈራል?» ከዓመት በላይ ካላቸው ችግኙን መልሰው ያስቀምጣሉ። «እስከዚያ እኛ አገራችን ነን» ይሉኛል። እንዲህ እያሉ አሥራ አራት ዓመት እስኪያንገፈግፈኝ ፓፓያ አበሉኝ።

ባለፈው ዝናብ ግን ከዘር የበቀለ አቮካዶ አነሱ። ሻጩ ሰባት ዓመት እንደሚፈጅ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ የተዳቀለው እኮ በሦስት ዓመት ይደርሳል» አልኳቸው።

«ይሄኛው ዕድሜው ረጅም ነው። ደግሞ ማን አስቸኮለን?»

እኔ የደንበኛን ፊት አይቼ ዋጋ የምቆርጥ ነጋዴ ነኝ። ያን ቀን ግን ሻጩ ሸወዳቸው ብዬ ሳቅሁ። አገር መግባቱን እንደተዉት አልገባኝም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኋቸው።

አቮካዶውን በተከሉ በሦስተኛው ወር እዚሁ ካምፓላ ቀበርናቸው። ፓፓያዎቹ እየበሰሉ ይወድቃሉ፤ የሚለቅማቸው የለም። አቮካዶው ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም። ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣውና አጠገቡ እንደቆምኩ ይረፍዳል፤ ሱቁን መክፈት አቅቶኛል። ሰባት ዓመት እዚህ ምን አደርጋለሁ? «እስከዚያ እኛ አገራችን ነን» የሚለኝ ሰው የለም።