ከደጁ ተቀምጣ «ቀሪ» የተባለችው ልጄ

ይህ የደረሰብኝ አምና በኅዳር ወር ነው። ሰው ስነግረው ይስቃል፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን አንጀቴ ያርራል።

ደብረ ታቦር ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ወፍጮ ቤት ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ልጄ ትርንጎ ጆሮዋ እንደሚደክም ሳናውቅ ስምንት ዓመት ሞላት። ይህን ያስተዋለችው የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ናት። ልጅቱ አፍ አፌን እያየች ትከተለኛለች፣ ወደ ሰሌዳው ስዞር ግን ይጠፋባታል አለችኝ። በከተማው ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተከፈተ ልዩ ክፍል አለ። እዚያ ለመግባት ግን መጀመሪያ በባለሙያ መመርመር ያስፈልጋል። በዚያኑ ዕለት ወደ ትምህርት ቢሮው ሮጥኩ።

ባለሙያው ስልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። የምን ስልጠና ነው ብዬ ጠየቅሁ። ችግር ያለባቸውን ልጆች ሳይዘገዩ ስለመለየት ነው አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ግምገማ ላይ ነበሩ። ክረምቱን ዕረፍት ወጡ። በመስከረም ደግሞ ፎርሙ ተቀይሯልና እንደ አዲስ ይመዝገቡ ተባልኩ። ጸሐፊዋ ፊቴን አይታ «ምን ያስቸኩልዎታል አባት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። እንቁላሉስ ይሂድ ግዴለም፤ ልጄ ግን አንደኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ ጀምራ ነበር።

በኅዳር የምርመራው ቀን ተቆረጠልን። ትርንጎ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ በዚያ በጉና ብርድ በጠዋት የተባለው ትምህርት ቤት ደረስን። ከእብናት ድረስ ልጇን አዝላ የመጣች እናት ነበረች። ጥበቃው የዓይንም፣ የጆሮም፣ የሌላም ችግር ያለባቸውን ልጆች ከአንድ ክፍል ደጅ አግዳሚ ላይ ደረደራቸው። እኛን ወላጆችን ግን ትረብሻላችሁ ብሎ ከአጥር ውጭ አስቀረን።

ባለሙያው መጡ። ሥራው የተጀመረው እንደ ማንኛውም ስብሰባ በስም ጥሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው፣ ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ይጠራሉ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ይታለፋል። አጥር ውጭ ላለነው የሚሉት አይሰማንም። ልጄ እጇን አጣምራ በሩን በሩን ታያለች። ሌሎቹ እየተነሱ ሲገቡ፣ ተራዋ አልደረሰም ብዬ ጠበቅሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተቆለፈ። አግዳሚው ላይ አራት ልጆች ቀርተዋል። አራቱም ለጆሮ ምርመራ የመጡ ናቸው።

ጥበቃውን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ባለሙያው መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ፤ ከልጄ ስም ፊት ለፊት «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል።

«ጌታዬ፣ ልጅቱ ይህችው፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ደጅ ተቀምጣለች» አልኳቸው።

«ሦስት ጊዜ ጠርተናታል።»

«አትሰማም እኮ። የመጣችውም ስለማትሰማ ነው።»

ትንሽ አሰብ አደረጉ፤ ማሰባቸው ከሆነ። ከዚያ «አለመስማቷ ገና አልተረጋገጠም» አሉኝ።

እንግዲያው አሁን ያረጋግጡልኝ ብዬ ለመንኩ። ተከትላኝ የገባችው የእብናቷ እናት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እሳቸው ግን መዝገቡ ተዘግቷል፣ ማኅተምም አርፎበታል፣ ለሚቀጥለው ዙር ኑ አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በኋላ ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ፣ ሪፖርታቸው ላይ የመስማት ችግር ያለበት ልጅ አልተገኘም ብለው ጽፈዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ትርንጎ እጄን ሳብ አድርጋ አስቆመችኝ። አፌን ለማየት ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አባ፣ እኔን ለምን አልጠሩኝም?»

ሦስት ጊዜ ተጠርተሽ ነበር ማለት አቃተኝ። «ረስተውሽ ነው» አልኳት።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷን አንደኛ ክፍል ናት። የሚቀጥለው ዙር የተባለው እስካሁን አልመጣም። መምህርቷ ከፊት አስቀምጣት፣ ጀርባዋን ላለመስጠት ወደ ሰሌዳው በጎን እየቆመች ትጽፋለች፤ እግዜር ይስጣት። እኔ ግን ልጄን ዋሽቻት ስለማላውቅ ያቺ «ረስተውሽ ነው» ያልኳት መልሴ ለብዙ ጊዜ ስትከነክነኝ ቆየች። አሁን ትታኛለች። ለካ አልዋሸኋትም።