ሃይፎንግ የሄደችው ማሽን

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ... መብራት ገና መምጣቱ ነበር። ኮፒ ማድረጊያው እስኪሞቅ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ።

«አካም ጅርቱ ጋሼ» አለች ጫልቱ።

ጫልቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ አራት ዓመት ሸሚዝ ሰፍታለች። ፋብሪካው ሥራ ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። አብረዋት ቤት ተከራይተው የነበሩት ሁለት ልጆች ወደየአገራቸው ገቡ፤ እሷ ቀረች። አለቆቹ «ማሽኖቹ ለጥገና ነው የሚሄዱት፣ ሲመለሱ ደውለን እንጠራችኋለን» ብለዋቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኳ ጠፍቶ አያውቅም። ባገኘችበት ሁሉ ቻርጅ ታደርጋለች፤ እኔ ሱቅም ጭምር።

ገብታ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል።

«ትናንት ማሽኖቻችንን ይዞ በፓርኩ በር ሲወጣ ነው ያነሳሁት። ሃይፎንግ ይላል... በኦሮምኛው ቁቤ አነበብኩት። ጥበቃው ወደብ ነው አለኝ። ጅቡቲ አጠገብ ነው እንዴ?»

«እንጃ... እንየው»

«ያንብቡልኝ ጋሼ። ከተማው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጋራዥ ነገር ካለው፣ ደርሶ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ... አከራዬ እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገሪኝ ብላኛለች። እናቴም ከአዳሚ ቱሉ በየቀኑ ነይ ትለኛለች»

ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግኩት። ገጹ እንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎምኩ አነበብኩላት።

«ቬትናም ውስጥ ነው። በሰሜን በኩል... ወንዞች ባሕር የሚገቡበት ቦታ። ትልቅ ወደብ ነው። ከየአገሩ መርከብ ይመጣል»

«ቬትናም የት ነው?»

«ከቻይና ሥር»

አሰብ አደረገች። «ቻይናዎቹ እዚህም ሞልተዋል። ያን ያህል አይርቅም ማለት ነው»

ማንበቤን ቀጠልኩ።

«ሸርጣን በሾርባ ይበላሉ ይላል»

«ሸርጣን ምንድነው?»

ሥዕሉን አሳየኋት።

«ወይ ጉድ! ይሄን በልተው ነው የኔን ማሽን የሚነኩት?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

«መንገዱ ዳር ሁሉ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሲያብብ ከተማው ቀይ ይሆናል። የሚታወቀውም በአበባው ነው»

ዘወር ብላ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ አየችው። «ያው የኛው ዛፍ» አለች። ደስ ያላት መሰለኝ።

ቀጣዩን አንቀጽ መጀመሪያ በልቤ አነበብኩት። ልብስ ስፌት... አዳዲስ ፋብሪካዎች... ከሌላ አገር እየተዛወሩ የሚገቡ። ድምፄን ሳላወጣ ገጹን ወደ ታች አሳለፍኩት።

«ቆይ» አለች። «ወደ ላይ ይመልሱት»

ጽሑፉን አይደለም ያየችው፤ ፎቶውን ነው። ረጅም አዳራሽ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሴቶች በረድፍ፣ እያንዳንዳቸው ፊት አንድ አንድ ማሽን።

ጣቷን ወደ አንደኛዋ ማሽን አስጠጋች። «የኔዋ ዓይነት ናት» አለች። የተደረደሩትን ሴቶች አየችና፣ «ሊጠግኗት አይደለም ጋሼ... ሊሰፉባት ነው»

ፎቶውን አጎላሁላት።

አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። እሱን ልብ ብላ አየችው።

«እንግሊዝኛ ነው?»

«አይ፣ የራሳቸው ቋንቋ ነው»

«ፊደሉ ግን ቁቤ ነው እኮ!»

«እነሱም በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት»

ሥራዋ እንደማይመለስ ስታውቅ ያልደነገጠችው ልጅ አሁን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ለካ ማሽኖቹን ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው፣ በፕላስቲክ የጠቀለሏቸው ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ጫልቱ የሷን ስትጠቀልል፣ ማሽኗ ስትመለስ ሌላ ሴት እንዳትወስድባት ብላ ከሥሯ ወረቀት ለጥፋባታለች። በኦሮምኛ፣ በቁቤ። «ይቺ የጫልቱ ናት። የነካቻት እጇ ይሰበር» ይላል።

«ለእነ ልኬ ብዬ ነው እኮ... አጠገቤ ለሚሰፉት። ስቀንበት ነበር» አለች። «እዚያ ማሽኔ የምትደርሳት ልጅ ግን ታነበዋለች»

«ፊደሉን ብታነበው ትርጉሙ አይገባትም»

«ሳይገባት ካነበበችውስ? እርግማን ሳይገባት ይይዛታል? እንጀራዋ እኮ እጇ ነው ጋሼ...»

«አይይዛትም። ቢይዝማ ኖሮ...» ብዬ አቋረጥኩት።

እሷ ጨረሰችው። «ቢይዝማ ኖሮ ሁላችን የረገምነው፣ የፋብሪካችን በር ላይ ቁልፉን ያንጠለጠለው ሰውዬ ይቀድማት ነበር»

ስልኳን ከቻርጅ ነቅላ ወጣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ባዶ የወረቀት ካርቶን አለዎት?»

ሁለት ሰጠኋት። አዳሚ ቱሉ ስትወርድ ዕቃዋ አውቶቡስ ላይ ከሰው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ሻሸመኔ ድረስ እንዳይሄድባት ብዬ ማርከር አነሳሁ።

«ስምሽን ልጻፍበት?»

«ኧረ ይተዉት ጋሼ» አለች። «ስሜን የጻፍኩበት ዕቃ የት እንደሚሄድ አየሁት»